«አይዞሽ» በቀን ስንት ጊዜ ይባላል?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልሽ ከሐዋሳ ነው፣ አቶቴ አካባቢ ነው የምንኖረው። 34 ዓመቴ ነው። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ሲሆን ባንክ ትሠራለች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተማክራ፣ ከገና በኋላ ሐይቁ ዳር ለሚደረግ ትንሽ የትራያትሎን ውድድር ተመዝግባለች። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶናል። ዋና የተማረችው አምና ሆቴል ፑል ውስጥ ነው። ሐይቁን አንድ ጊዜ ሞከረችውና ሃያ ሜትር ሳትሄድ ትንፋሽ አጥሯት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እኔ ሯጭ ነኝ፣ ታላቁ ሩጫን አራት ጊዜ ሮጫለሁ። ስለዚህ ፕሮግራም አወጣሁላት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እቀሰቅሳታለሁ፣ ቪዲዮ እልክላታለሁ፣ በየቀኑ አይዞሽ እላታለሁ። የእንግሊዞቹን የትራያትሎን ተወዳዳሪዎች፣ የብራውንሊ ወንድማማቾችን ቪዲዮ ሁሉ አሳይቻታለሁ። እሷ ግን ጭራሽ ዝም አለች። ባለፈው እሑድ ‹አንተ ባትኖር ይሻለኝ ነበር› አለችኝ፣ በጣም ከፋኝ። እናታችን ደግሞ ‹ሐይቁ ሰው ይበላል፣ ጉማሬ አለ› እያለች ታስፈራራታለች። እኔ ራሴ ዋና ስለማልችል ውኃው ውስጥ ልረዳት አልቻልኩም። ፍርሃቷን እንዴት ላውጣላት? ወይስ ተዪው ልበላት? ታላቅ ወንድም ነኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ሁለተኛ ሳነበው አሳዘንከኝ። ልጁ ይወዳታል፣ ይለፋል፣ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል፣ ምስጋናው ግን «ባትኖር ይሻለኝ ነበር» ሆነ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «እኔ ራሴ ዋና ስለማልችል» ያልካትን ነገር ለምን መጨረሻ ላይ ሸጎጥካት? እኔ ብሆን ደብዳቤውን በእሷ ነበር የምጀምረው። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ «አይዞሽ»ን እንነጋገር። ጥሩ ቃል ነው። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ለወላድ ይባላል፣ መንገድ ላይ አደናቅፎት ለወደቀ የማናውቀው ሰውም ይባላል። ግን ልብ በል፣ አይዞሽ የሚባለው የሆነ ነገር ለደረሰበት ሰው ነው። ቁጭ ብላ በሰላም ፍርፍሯን የምትበላን ልጅ በባዶ ሜዳ አይዞሽ ስትላት፣ እሷ የምትሰማው «የሆነ ነገር ሊመጣብሽ ነው» የሚለውን ነው። ቁርስ ላይ አንዴ፣ ሥራ ቦታ በቴሌግራም አንዴ፣ ማታ በር ላይ አንዴ። በቀን ሦስት ጊዜ ሐይቁን እያመጣህ ሳሎን ታስገባባታለህ። ልጅቱ ለአንድ ሰዓት እንኳን እንዳትረሳው አድርገሃታል።

ደግሞ ፍርሃቷን ላውጣላት ትላለህ። ጥርስ አይደለም እኮ የሚወጣው። እህትህ የፈራችው ትክክለኛውን ነገር ነው። ሩጫውን አልፈራችም፣ ሳይክሉንም አልፈራችም፣ ወለሉ የማይታይ ውኃ ነው የፈራችው። በትራያትሎን ውድድር ላይ ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ዋናው ላይ ነው። ይህንን የምነግርህ ለእናትህ እንድትነግርብኝ አይደለም፤ «ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም» የሚለውን አባባል ከነገ ጀምሮ እንድትተወው ነው። የሚያስፈራ ነገር አለ፣ እሷም ሞኝ አይደለችም። በነገራችን ላይ ስትለማመድ ደረቷን የሚወጋት ወይም ራሷን የሚያዞራት ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ በልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያት። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ግን የደረሰባት ነገር የታወቀ ነው፣ መፍትሔም አለው።

የደረሰባት ይኸውልህ። ሰው ሲደነግጥ አየር ይስባል፣ ይስባል፣ ማስወጣቱን ይረሳል። ደረቱ በአሮጌ አየር ይሞላል። ከዚያ አዲስ ልሳብ ሲል ቦታ የለም፣ አየር ያለቀበት ይመስለዋል። አየር አላለቀም፣ አልወጣም እንጂ። ፑል ውስጥ ይህ አይታወቅም፣ ምክንያቱም በየጥቂት ሜትሩ ግድግዳ አለ፣ ትይዛለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ሳታስበው ታርፋለህ። ሐይቅ ላይ ግድግዳ የለም፣ ወለሉ ላይ የምትከተለው መስመር የለም፣ እጅህን እንኳን በደንብ አታየውም። ስለዚህ 750 ሜትር በፑል የምትዋኝ ልጅ ሐይቁ ላይ ሃያ ሜትር ሳትደርስ ብትመለስ አቅም አንሷት አይደለም።

እኔንም ደርሶብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ማለት ነው፣ እንዲህ ባለ ትንሽ ውድድር ገባሁ። ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ውኃው ስንሮጥ የአንዱ ተረከዝ መነጽሬን መታው፣ ውኃ ገባ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ልቀጥል ስል ደረቴ ተቆለፈ። እናቴን ጠራሁ መሰለኝ። ከዚያ አሠልጣኛችን አንድ መቶ ጊዜ ያለማመደን ነገር በራሱ ጊዜ መጣ፦ በጀርባዬ ተገለበጥኩ። ሰማዩን አየሁት። አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ከላዬ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲጠብቁ እንደምታያቸው ዓይነት፣ መላጣ ራሱን አቀርቅሮ፣ ምንም ግድ ሳይሰጠው። ሳቄ መጣ። ስስቅ አየሩ ወጣ። ስንት ደቂቃ እንደተንሳፈፍኩ አላውቅም፣ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ፣ ከዚያ ተገለበጥኩና እንደ እንቁራሪት እየተራገጥኩ ቀጠልኩ። ከውኃው የወጣሁት ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ ነው። ሳይክሉ ላይ አምስት ሰው አለፍኩ፣ ይህንን መቼም ሳልናገር አላልፍም።

ባለቤቴ ያን ቀን ምን አደረገ መሰለህ? ምንም። ከመሄዳችን በፊት «የት ልቁም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከዚያች ዛፍ ሥር» አልኩት። ዛፏ ሥር ቆመ። ሌላው ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን እየሮጠ ሲጮህ እሱ ከዛፏ ንቅንቅ አላለም፣ ነጠላ ጫማዬንና ጋቢ ይዞ። በጀርባዬ ተንሳፍፌ አንገቴን ሳዞር ጋቢው ነጭ ብሎ ታየኝ። ለእኔ አይዞሽ ማለት ያ ነበር።

አንተም ቦታህን ጠይቃት። የት ብትቆም እንደምትፈልግ እሷ ትንገርህ። «የትም አትቁም፣ ቤት ሁን» ካለችህም ቤት ሁን፣ ያማል ግን ሁን።

አሁን ወደ ሸጎጥካት ነገር። ዋና የማይችል ሰው ዋና ያሠለጥናል? በቪዲዮ? እኔ መኪና ሳልነዳ ወንድሜን መንጃ ፈቃድ ላስወጣው ብነሳ ምን ትለኛለህ? ደብዳቤህን ሳነበው የገባኝ ነገር አለ፣ ብሳሳት አርመኝ፦ ሐይቁን ከእህትህ ይልቅ የምትፈራው አንተ ነህ። ሐይቅ ዳር ያደገ፣ እስካሁን አንገቱ ድረስ ያልገባ ሰው። እሷ ስትደነግጥ አንተ ውስጥ ያለው ድንጋጤ ይነሳል፣ ከዚያ ፕሮግራም ታወጣለህ።

የምመክርህ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፦ ዋና አስተምሪኝ በላት። ቀልዴን አይደለም። ቅዳሜ ወደምትዋኝበት ፑል አብረሃት ሂድ፣ ውኃው ደረትህ ጋ በሚደርስበት ቦታ ቁም፣ እሷ ፊትህን ውኃ ውስጥ እንዴት እንደምትነክር፣ አየሩን በአፍና በአፍንጫ ቡልቅ ቡልቅ እያደረግህ እንዴት እንደምታስወጣ ታሳይህ። ሰው ሲያስተምር የሚያውቀውን ያያል። አሥር ጊዜ «አስወጣ፣ አስወጣ፣ አትያዘው» ስትልህ ለራሷም እየነገረች ነው። አንተ ደግሞ ውኃ ጠጥተህ ስትንፈራፈር ታይሃለች፣ ትስቃለች፣ ያኔ ቤታችሁ ውስጥ ፈሪዋ እሷ ብቻ መሆኗ ይቀራል። የማሠልጠኑን ሥራ ግን ለሚያውቅ ሰው ተውለት። ዋና የሚያስተምር ሰው ሐዋሳ ውስጥ አይጠፋም፣ ፑል ያላቸው ሆቴሎች ጋ ጠይቁ። ለሁለት ወር የሚከፈለውን ብር አንተ ብትሸፍንላት ከፕሮግራምህ የበለጠ ይጠቅማታል።

ፑል ውስጥ የምትለማመደውም ይቀየር። የሆቴል ፑል ብዙውን ጊዜ 25 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ በርምጃ ለኩት። 25 ከሆነ 750 ማለት ሠላሳ ጊዜ ነው፣ 15 ከሆነ ሃምሳ። ርቀቱን ከቻለችው ደግሞ ግድግዳውን ሳትነካ መሐል ላይ ትዙር። ዓይኗን ጨፍና አምስት ስድስት ጊዜ እጇን ትወርውር። ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ጎን ለጎን ሆነው፣ ክርን እየተነካካ፣ እግር እየተረገጠ ይዋኙ፣ የውድድሩ መነሻ እንዲያ ነዋ። በየመሐሉ ደግሞ፣ ሳይደክማትም፣ በጀርባዋ ትገልበጥና ሃያ ትንፋሽ ትቁጠር። ይህ እስኪሰለቻት ድረስ ነው። የሰለቸ ነገር ነው በድንጋጤ ጊዜ በራሱ የሚመጣው።

ከሐይቁ ጋር ዕርቅ ደግሞ ቀስ እያለ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወገቧ ድረስ ገብታ ፊቷን ነክራ ትውጣ፣ በቃ። በሚቀጥለው አሥር ሜትር ከዳሩ ጎን ለጎን፣ እግሯ መሬት በሚነካበት ቦታ። ከዚያ ሃምሳ። ወደ መሐል መሄድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም ጀልባ ከጎኗ ሲኖር ብቻ። አንድ የሚታመን ባለ ጀልባ ፈልግ፣ ለሰዓቱ ተስማማ፣ ላይፍ ጃኬት አድርገህ አንተ ጀልባው ላይ ተቀመጥ፣ ከሁሉም ቢሆን ዋና የሚችል ሰው አብሯችሁ ይኑር። ደማቅ ኮፍያ ታድርግ። አንዳንዶች ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ይዋኛሉ፣ ከሩቅ ለመታየት ጥሩ ነው፣ ነፍስ አድን ነው ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑበት። ጀልባው ላይ ሆነህ ታዲያ አፍህን ዝጋ! ስትጠይቅህ ብቻ መልስ።

አቅጣጫ ስለመያዝም ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሐይቅ ላይ ሰው ሳያውቀው ጠመም እያለ ርቀቱን ያስረዝመዋል። በየስምንት አሥር ውርወራው ዓይኗን ብቻ ከውኃው ብቅ አድርጋ አንድ ትልቅ ነገር ትይ። ወደ ከተማው ስትመለስ ታቦር ተራራን የሚያህል ምልክት ማን ሰጥቷት! ኳስ የምታክለውን ቡዪ፣ ማለትም ውኃው ላይ የምትንሳፈፈውን ምልክት፣ ከመፈለግ ይሻላል።

ስለ እናታችሁ ጉማሬ። እማማ እውነታቸውን ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ አለ፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውኃ በኩል። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውኃው ይመለሳል። እና አንተ ልጅቱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሰህ ሐይቅ ዳር የምታቆማት ከሆነ ከጉማሬው ጋር ቀጠሮ አሲዘሃታል ማለት ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግቡ፣ ዓሣ አጥማጆቹን «ዛሬ የት ታየ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከማንም የበለጠ ያውቃሉ፣ ቄጠማ ከበዛበት ዳርም ራቁ። በጣም አርፍዳችሁም አትሂዱ፣ ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ለጀማሪ አይሆንም።

ከቄጠማው የምትርቁት ለጉማሬው ብቻ አይደለም። ሐይቁ ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ ያለበት ነው። ብዙ ሰው «ውኃውን ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል» ይላል፣ ትሉ ግን የሚገባው በቆዳ ነው። የሚያድገው ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፣ ወደ ውኃው የሚለቀቀውም በብዛት ፀሐይ ሲበረታ ነው። ጠዋት፣ ሣር በሌለበት ቦታ ገብቶ፣ ወጥቶ ወዲያው በፎጣ መድረቅ ስጋቱን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ስለዚህ ከውድድሩ ሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር። ከተገኘባትም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፣ ይድናል። እዚህ ላይ ደግሞ አንተ ጠቃሚ ነህ፦ ቀኑን ስልክህ ላይ መዝግበው፣ እሷ ትረሳዋለች።

ሳይክሉ ላይ ብዙ አልልህም። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ሳይክል የማይነዳ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው፣ 20 ኪሎ ሜትርም ያልቃል። የሷን ሳይክል ግን አንተ ተረከበው። ፍሬኑን ፈትሽ፣ ሰንሰለቱን ቅባ፣ መቀመጫውን ከፍ አድርገው። እዚህ አገር ሁሉም ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን አገጩ ጋ እያደረሰ ነው የሚነዳው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ በትንሹ ብቻ መታጠፍ አለበት። ካላማዳሪያ በራሷ መቀየር ትልመድ፣ አንተ ከጎን ቆመህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ሄልሜት ደግሞ የግድ ነው፣ ለውድድሩ ብቻ ሳይሆን ለባጃጁም። ልምምዱን እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን አድርጉት።

አንድ ነገር ግን እንዳይደንቃት፦ ከሳይክል ወርዳ ስትሮጥ እግሯ የሷ አይመስላትም። እንጨት ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ኪሎ ሜትር ነድታ እንደወረደች አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሩጥ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደሚለቅ ሰውነቷ ያውቀዋል። እዚህ ላይ አብረሃት ሩጥ፣ ሩጫው የአንተ ነው። ግን ሰዓትህን አውልቅ! በሷ ፍጥነት፣ ወሬ እያወራችሁ። ስለ ውድድሩ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ አክስታችሁ ልጅ ሰርግ ይሁን ስለ ምንም ይሁን።

የ11 ሰዓቱን መቀስቀስ ተወው። እንቅልፍ የላትም እያልክ ያለችውን እንቅልፍ ትሰርቃታለህ? በሳምንት ሁለት ዋና፣ ሁለት ሳይክል፣ ሁለት ሩጫ፣ አንድ ቀን ዕረፍት፣ ለጀማሪ ይበቃል። ቀኑንና ሰዓቱን ከሥራዋ ጋር አስማምታ እሷ ታውጣ። የመጨረሻው ሳምንት ቀለል ያለ ይሁን፣ ባመለጣት ልምምድ ለማካካስ ብላ እንዳትጋደል።

ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ (ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ) ልምምዱ በነቢያት ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ ኅዳር 15 ይገባል። «ለስፖርት ብለሽ አፍርሺ» የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቅ፣ እሱ የሷና የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው። ሳትበላ የምትቆይበት ሰዓት ካለ ግን ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ታድርገው፣ ባዶ ሆድ ሐይቅ አይገባም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽምብራ ቆሎው ጡንቻ ለመጠገን በቂ ነው። በሶ ደግሞ አገራችን ከፈጠረቻቸው የስፖርት ምግቦች አንደኛው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ማንም ቢስቅብኝ። በውሃ በጥብጣ፣ ትንሽ ስኳር ጨምራ፣ ከልምምድ ሁለት ሰዓት በፊት። ውድድሩ ከገና በኋላ ስለሆነ የምፈራው ጾሙን ሳይሆን ፍስኩን ነው። በዋዜማው ዶሮ ወጥ ከልክሉልኝ! ሆዷ ለአንድ ወር ተኩል የረሳውን ቅቤ በውድድሩ ጠዋት እንዲያስታውስ አንፈልግም።

አሁን ስለ ብራውንሊዎች። ያንን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ፣ አልቅሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሜክሲኮ ኮዙሜል ላይ ጆኒ ሊያሸንፍ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ሙቀቱ መታው፣ መወላገድ ጀመረ፣ ታላቅ ወንድሙ አሊስቴር ደርሶ ክንዱን አንገቱ ላይ አድርጎ እየጎተተ አደረሰው፣ መስመሩ ጋ ሲደርሱም ከፊቱ ገፍቶ ሁለተኛ አስወጣው፣ ራሱ ሦስተኛ ሆነ። ታላቅ ወንድም ስትሆን ራስህን እዚያ ታያለህ፣ ይገባኛል። ልዩነቱ ግን አሊስቴር እዚያው ሩጫ ውስጥ መሆኑ ነው፣ ያንኑ ዋና ዋኝቶ፣ ያንኑ ሳይክል ነድቶ፣ በዚያው ሙቀት ተቃጥሎ። አንተ ሣር ላይ ነህ የምትቆመው። ደግሞ እስቲ አስብ፣ ውድድሩ ያስፈራትን ልጅ ከሁሉ ቪዲዮ መርጠህ ራሱን ስቶ የሚንገዳገድ የኦሎምፒክ ሯጭ ታሳያታለህ?

ከሣሩ ላይ ሆነህ መርዳት ቢያምርህም ደንቡ አይፈቅድልህም። በትራያትሎን ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል ያስቀጣል። ከጎኗ መሮጥ አትችልም፣ ሳይክሏን መያዝ አትችልም፣ የልብስና የሳይክል መቀየሪያው ቦታ መግባት አትችልም። ስለዚህ ጫማዋን፣ ቁጥሯን፣ ሄልሜቷን በምን ቅደም ተከተል ፎጣዋ ላይ እንደምትደረድር ግቢያችሁ ውስጥ ራሷ ትለማመድ። ሳይክሏን ከማንሳቷ በፊት የሄልሜቷ ማሰሪያ መቆለፍ አለበት፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ድሮ ቢሆን ይፈቀድልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ አይረንማን የሚባለው ረጅሙ ትራያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ 15 ሰው ብቻ ተነስቶ 12ቱ ጨረሱ፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ውኃና ምግብ የሚያቀብለው የራሱን ሰው ይዞ ነው የመጣው። ሩጫው ሲጀመር ይመራ የነበረው ጆን ደንባር ደጋፊዎቹ ውኃ አለቀባቸውና ቢራ ሰጡት። ሁለተኛ ወጣ። ደጋፊ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ሲመጣ ይህንን ነው የምነግረው።

ደንቡ ለእሷ የሚጠቅማትም አለ፣ ይህንን ግን ንገራት፣ ምናልባት አታውቀው ይሆናል። ዋናው ላይ የግድ ፍሪስታይል፣ ማለትም በሆድ ተኝቶ እጅን በየተራ እየወረወሩ፣ መዋኘት የለባትም፣ እንደፈለገች መዋኘት ትችላለች። በጀርባዋ መንሳፈፍ ትችላለች። ቡዪ ወይም የቆመ ጀልባ ይዛ ማረፍ ትችላለች፣ በሱ እየተጎተተች ወደፊት እስካልሄደች ድረስ አትባረርም። ችግር ከገጠማት እጇን ታነሳለች፣ ይመጡላታል። መነሻው ላይ ደግሞ ከኋላ ወይም ከዳር ትቁም፣ ፈጣኖቹ ይሂዱ፣ አሥር ሰከንድ ቆጥራ ትግባ። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ከምትችለው በታች ትዋኝ። አዘጋጆቹ ጋ ደውላችሁ በዚህ ደንብ እንደሚሄዱ፣ ስንት ጀልባ እንደሚኖርና ዋና የሚችል ነፍስ አድን እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መልሳቸው «ኧረ ችግር የለም» ብቻ ከሆነ እኔ ብሆን ልጄን አላስገባም።

«ተዪው ልበላት?» ላልከው፣ አትበላት። «እንዳትተዪው»ም አትበላት። ሁለቱም የአንተ ቃል አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጋ ባለ ሰዓት፣ «ብትቀጥዪም ብትተዪም አልቀየምሽም፣ ለማንም አልናገርም» በላትና ዝም በል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጀልባ አጠገቧ ሆኖ 400 ሜትር ያህል ተረጋግታ መዋኘት ካልቻለች፣ በቡድን መካፈል የሚፈቀድ ከሆነ ዋናውን ለባልደረባዋ ሰጥታ ሳይክሉን ልትነዳ ትችላለች፣ ሩጫውን አንተ ልትሮጥላት ትችላለህ። ይህንን ሐሳብ ግን ዛሬ እንዳታቀርበው። ዛሬ ካቀረብከው «አትችይም» ማለትህ ነው የሚመስላት። ጠብቅ፣ ምናልባት ራሷ ታነሳዋለች፣ ምናልባትም ጭራሽ አያስፈልግም።

«አንተ ባትኖር» ስላለችህ ነገር ይቅርታ አትጠብቅ። አንተ ቅደም። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፦ «አበዛሁት፣ ቅዳሜ ፑል ውሰጂኝ» ይበቃል።

እማማን ደግሞ ቤት ጥላችኋቸው አትሂዱ። ሐይቁ ሰው ይበላል የሚሉት ምናልባት የበላውን ሰው ስለሚያውቁ ነው፣ እስቲ ጠይቋቸው፣ ማን ነበር? ጨርሰው እንዲያወሩት ተዉአቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ውኃው ዝም ባለበት፣ ጀልባውም ባለበት ቀን፣ ወንበርና ጥላ ይዛችሁ ዳር ላይ አስቀምጧቸው። ልጃቸው በጀርባዋ ተንሳፍፋ እጇን ስታወዛውዝላቸው ይዩ። ጋቢውን እሳቸው ይያዙት፣ በውድድሩም ቀን እንደዚያው። አንተ ነጠላ ጫማውን ያዝ።